ብዙ ሐኪም፣ አንድ መዝገብ

ኒውሮፋይብሮማቶሲስ ነርቭ ላይ ዕጢ የሚያበቅል፣ በዘር የሚተላለፍ ሕመም ነው። በብዛት የሚታየው አንደኛው ዓይነት ከ3 ሺህ ሰዎች አንዱ ላይ ገደማ ይገኛል። እናት ወይም አባት ካለባቸው እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ግን ከቤተሰባቸው የመጀመሪያ ስለሆኑ «በዘራችን የለም» ማለት ብቻውን አያስተማምንም። ሕመሙ በንክኪ አይጋባም፤ እርግማንም አይደለም።

መጀመሪያ የሚናገረው ቆዳ ነው። በቀለማቸው ማኪያቶ የመሰሉ ጠፍጣፋ ምልክቶች ልጁ ላይ ይወጣሉ። ከጉርምስና በፊት ከ5 ሚሊሜትር የሚሰፉ 6 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ ሐኪም ማየት አለበት። ለስላሳ እብጠቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ቆይተው ይመጣሉ።

ችግሩ ሕመሙ በአንድ የሰውነት ክፍል አለመወሰኑ ነው። የማየት ነርቭን፣ አከርካሪን፣ የደም ግፊትን፣ የትምህርት አቀባበልንም ይነካል። የኮምቦልቻ ቤተሰብ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ተጽፎለት የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ይደርሳል። ለቆዳና ለዓይን ደግሞ በሁለቱም ሕክምና ወደሚታወቀው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ያቀናል፤ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ካስፈለገ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ አለ። በየደረሰበት አዲስ ካርድ ከወጣ፣ የዓይን ሐኪሙ ያየውን የአጥንት ሐኪሙ አያውቀውም።

የተቀናጀ ሕክምና ይህን ክፍተት ይዘጋል። በእንግሊዝ አገር ማንቸስተርና ለንደን ውስብስብ ሕመም ላለባቸው የተቋቋሙ ማዕከላት አሉ፤ የተለያዩ ስፔሻሊስቶች አንዱን ታማሚ በጋራ ያያሉ፣ ነርሶችም ክትትሉን ያያይዛሉ።

በየዓመቱ የሚደረገው የክትትል ምርመራ ግን ትልቅ መሣሪያ አይጠይቅም። ልጁ ጎንበስ ብሎ እጆቹን ያንጠለጥላል፤ መርማሪው ከኋላ ቆሞ የጀርባው አንዱ ጎን ከሌላው ከፍ ማለት አለማለቱን ያያል። ቁመት ይለካል፣ ዓይን ይፈተሻል። የደም ግፊት በልጅም ላይ ይለካል፤ ከፍ ካለ የኩላሊት ደም ሥር መጥበብን ወይም ከኩላሊት በላይ ያለ ዕጢን ሊጠቁም ይችላል። ምልክት ለሌለው ሰው በየዓመቱ ኤምአርአይ የተለመደ አይደለም። የነበረ እብጠት በድንገት ካደገ፣ ከጠነከረ ወይም ያለማቋረጥ ካመመ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ከ100 ታማሚዎች ከ8 እስከ 13 የሚሆኑት በዕድሜ ዘመናቸው የነርቭ ሽፋን ካንሰር ሊይዛቸው ይችላል።

ስለዚህ የክትትሉ አብዛኛው ሥራ እዚያው ኮምቦልቻ ሊሠራ ይችላል። የሚያስፈልገው ኃላፊነቱን የሚወስድ አንድ ሐኪም፣ እንዲሁም ግፊቱ፣ ቁመቱና የእያንዳንዱ ስፔሻሊስት ቃል የሚጻፍበት፣ ቤተሰቡ በሄደበት የሚይዘው አንድ ደብተር ነው።