ስለ አርማታ፥ ስለ ፌሮና ስለ ሽቦ

በ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት መጨረሻ በተጀመረው የቤቶች ልማት በጎፋ የተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች የቆሙት በአርማታና በፌሮ ነው። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓመተ ምሕረት ሌሊት በአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሣው የምድር መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ በተሰማ ጊዜ፥ በፎቅ የሚኖር ሰው የምሰሶውን ነገር ሳያስብ አልቀረም።

አርማታ ሲጫኑት እጅግ ብርቱ ነው፤ ሲስቡት ግን ኃይሉ ከዚያ ዐሥር እጅ አንዱን ያህል ብቻ ነው። ፌሮ የሚገባበትም ስለዚሁ ነው። አርማታው በተሰነጠቀበት ቦታ መሳቡን ፌሮው ብቻውን ይሸከማል፤ በስንጥቅና በስንጥቅ መካከል ያለው አርማታ ግን ከፌሮው ጋር ተጣብቆ ሸክሙን ይካፈላል።

የሀገራችን ሰው የቤቱን ጭቃ በጤፍ ጭድ አብኩቶ የሚመርገው እንዳይሰነጠቅበት ነው፤ ፈርዖንም ጡብ ለሚሠሩት እስራኤል ጭድ በከለከለ ጊዜ ሥራው እንዴት እንደ ከበዳቸው ኦሪት ዘጸአትን ያነበበ ያውቀዋል። መሐንዲሶችም ይህንኑ ብልሃት ወደ አርማታ አግብተው፥ ርዝመቱ ከ3 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቀጭን የብረት ሽቦ ቍራጭ ከስሚንቶው ጋር ይለውሳሉ። ይህ ነገር በተለይ የተስፋፋው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1963 ሮሙዋልዲና ባትሰን በአሜሪካ ጽሑፍ ካወጡበት ወዲህ ነው። ሽቦው የስንጥቁን ሁለት ወገን አያይዞ ስለሚይዝ ስንጥቁ ይጠባል፤ ፌሮውን የሚያዝገው ውኃም በቀላሉ አይገባም።

ነገር ግን፥ ሽቦ ከገባ ፌሮውን እንቀንስ የሚል ሥራ ተቋራጭ ቢመጣ፥ ፈቃድ ሰጪው ሹም ቸኵሎ መፈረም አይገባውም። ሽቦው ሲለወስና ሲፈስ በየቦታው እኩል አይበተንም፤ ከስንጥቁ ጋር ትይዩ ተጋድሞ የማይጠቅምም አለ። ስለዚህ፥ በተለይ ፌሮው ጥቂት ሲሆን፥ መለጠጡ በብዙ ስንጥቅ መከፋፈሉ ቀርቶ ሽቦ ባነሰበት በአንዱ ላይ ይከማቻል፤ ፌሮውም የቀረው ክፍል ገና ሳይለጠጥ በዚያ ሊበጠስ ይችላል። በምድር መንቀጥቀጥ ጊዜ ግን ቤቱ ድንገት እንዳይፈርስ የሚረዳው የፌሮው በሰፊው መለጠጥ ነው።

ስለሆነም የመሐንዲሱ ስሌት የፌሮውን መለጠጥ፥ የአርማታውንና የፌሮውን መጣበቅ፥ የሽቦውንም አያያዝ ለየብቻ መርምሮ የሚያዛምድ መሆን አለበት። የሽቦው ኃይል ከሻጩ ወረቀት ሳይሆን ከፈተና ይገኛል። በአውሮፓ ደንብ፥ ወርዱና ቁመቱ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ የአርማታ አግዳሚ ከታች በመካከሉ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ተቀርድዶ ይታጠፋል፤ ስንጥቁም ግማሽ ሚሊ ሜትር፥ ኋላም 2 ሚሊ ሜትር ተኩል ሲከፈት የቀረው ኃይል ይለካል። በጎፋም ሆነ በሌላ ሠፈር እንዲህ ያለ ፕላን ሲቀርብ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው የዚህ ፈተና መዝገብ ነው፤ የተፈተነውም አርማታ ለሥራው ከሚፈሰው የተወሰደ ይሁን።