የቻይና ምግብ፣ የደም ግፊትና የስኳር ሕመም፦ ምን ይዘዙ? ምን ይተዉ?

"ዶክተር፣ ቤተሰቤ ሰፈራችን ያለው ርካሽ የቻይና ምግብ ቤት ሲሄድ እኔ ቤት ልቅር?" የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች ይህን ይጠይቁኛል። መልሴ "አይቅሩ" ነው። በተለይ የሚጠነቀቁት ከሁለት ነገሮች ነው፤ ከሶሱ ጨውና ከሩዙ ብዛት።

ጨው የሚበዛው የት ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲመገብ ይመክራል። ይህ 2000 ሚሊ ግራም ሶዲየም ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ ብቻውን 900 ሚሊ ግራም ገደማ ይይዛል፤ የቀኑን ግማሽ ሊሆን ምንም አይቀረው። ስለዚህ፦

• ሲያዙ "ሶስና ጨው ቀንሱልኝ" ይበሉ፤ ጠረጴዛ ላይ ካለው ጠርሙስ አይጨምሩ።
• የኑድል ሾርባ ካዘዙ ኑድሉንና አትክልቱን ይብሉ፤ መረቁን ይተዉት።

ሩዙስ?

150 ግራም የበሰለ ነጭ ሩዝ 40 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለው፤ የደም ስኳርንም ቶሎ ከፍ ያደርጋል። የስኳር ሕመም ካለብዎ የጭብጥዎን ያህል ብቻ ያውጡ፤ የሳህኑን ግማሽ በአትክልት ይሙሉ። በዱቄት ተለውሶ የተጠበሰና ጣፋጭ ሶስ የፈሰሰበት ሥጋ ለመቅመስ ያህል ይበቃል።

ኢንሱሊን ወይም የስኳር ክኒን የሚወስዱ ከሆነ "ማታ ስለምበላ" ብለው ምሳ አይዝለሉ። ስኳርዎ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል።

ምን ልዘዝ?

• እንቁላል በቲማቲም፦ ቻይናውያን ቤታቸው የሚሠሩት ተራ ምግብ ነው፤ ከእኛው ጋር ይመሳሰላል።
• በነጭ ሽንኩርት ቶሎ የተጠበሰ ቅጠላ ቅጠል።
• በዝንጅብል በእንፋሎት የበሰለ ዓሣ።
• ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ)። ጾም ላይ ከሆኑ ግን ይጠይቁ፤ "ማፖ ቶፉ" የሚባለው በተለምዶ የተፈጨ ሥጋ ይገባበታል።

አለርጂ ካለብዎ

ኦቾሎኒ፣ ሰሊጥ፣ እንቁላልና ሽሪምፕ በብዛት ይገባሉ። ከማዘዝዎ በፊት ለአስተናጋጁ ይንገሩ። ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

የተረፈውን ሲወስዱ

የበሰለ ሩዝ ውጭ ከቆየ የሚራባው ባክቴሪያ መርዝ ያመርታል፤ መልሶ ማሞቅ መርዙን አያጠፋውም። በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ያስገቡት፤ ሲያድር ውጭ ከቆየ ይድፉት።

በመጨረሻም፣ ለአንድ ማታ ብለው መድኃኒትዎን አያቋርጡ። የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ካለብዎ የጨው ልክዎን አስቀድመው ሐኪምዎን ይጠይቁ።