ሣር ማጨጃ መኪና ከመግዛታችሁ በፊት
(ለመሠረተ ትምህርት ተማሪዎች በሬዲዮ የተላለፈ ንግግር)

የዛሬው ንግግራችን ስለ ሣር ማጨጃ መኪና ነው። ሰው ተቀምጦ፣ መሪ ይዞ የሚነዳው ዓይነት ማለታችን ነው።

«እኛ ማጭድ አለን፤ ይህ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ በአገራችን አብዛኛው ሣር የሚታጨደው በማጭድ ነው። ነገር ግን ሰፊ ግቢ ያለው ትምህርት ቤት አለ። መስክም ግቢም ያለው የኅብረት ሥራ ማኅበር አለ። ገንዘብ አዋጥተው መኪና ለመግዛት የሚመክሩም አሉ። ያ ገንዘብ የአባላቱ ላብ ነው። መኪናው በሁለት ክረምት ተሰባብሮ መጋዘን ጥግ ቢጣል የሚያዝነው ሁሉም ነው። ስለዚህ ከመጠምጠም መማር ይቅደም።

አንደኛ፤ ሣሩን የምታጭዱት ለምንድን ነው? ይህን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። የዚህ መኪና ስለት ከሥሩ ባለው ክዳን ውስጥ እየተሽከረከረ ሣሩን ይበጣጥሰዋል፤ ይበትነዋልም። የተበጣጠሰ ሣር ለመሰብሰብና ለመከመር አይመችም። ለከብት ድርቆሽ የምትፈልጉ ከሆነ ይህን መኪና አትግዙ። ለድርቆሽ የሚሆነው እንደ መቀስ ከሥሩ ቆርጦ ሣሩን ሳይበጣጥስ የሚያስተኛው ሌላ ዓይነት ማጨጃ ነው። ዓላማችሁ ግቢውንና መስኩን አሳጥሮ መያዝ ከሆነ ግን አብረን እንቀጥል።

ሁለተኛ፤ መሬታችሁ ምን ዓይነት ነው? ግቢና መስክ አንድ አይደሉም። ግቢው ለጥ ያለ ነው። መስኩ ግን ድንጋይ፣ ጉቶ፣ ኩይሳና ጉድጓድ አለበት። ለግቢ ተብሎ የተሠራ ቀላል መኪና መስክ ላይ ዕድሜ የለውም። ለመስክ የተሠራው ጠንካራ መኪና ግን ግቢውንም ያጭዳል። እንግዲህ ከዛሬው ንግግር አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፦ መኪናውን የምትመርጡት በመልካሙ መሬታችሁ ሳይሆን በክፉው መሬታችሁ ነው።

ሦስተኛ፤ ጠንካራውን በምን እንለየዋለን? ቀለሙንና መቀመጫውን አትዩ። ጎንበስ በሉና ከሥሩ እዩ። ስለቱን የሚሸፍነው ክዳን ከስስ ላሜራ ተጨፍልቆ የወጣ ነው ወይስ ከወፍራም ላሜራ የተበየደ? ወፍራሙን ምረጡ። ድንጋይ ሲመታው ስሱ ይጎብጣል፤ ከዚያም ይሰነጠቃል። የፊት ጎማዎቹን የሚያያይዘውን ብረትም እዩት። የታጠፈ ላሜራ ከሆነ ለጉድጓድ አይሆንም፤ ድፍን ወፍራም ብረት ይሻላል። ስለቱ የሚዞርበት ቦታ ግራሶ የሚጨመርበት ቀዳዳ አለው? ካለው ኩሽኔታውን ማቆየት ይቻላል።

ከዚያ ሻጩን «የካምቢዮው ዘይት ይቀየራል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። በብዙ ቀላል መኪናዎች ካምቢዮው የታሸገ ነው፤ ሲበላሽ ተነቅሎ ይጣላል። በጠንካራዎቹ ግን ዘይቱም ፊልትሮውም ይቀየራል።

ስለ ሞተሩም አንድ ነገር ልብ በሉ። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው። በስስ አየር የተለመደው የቤንዚን ሞተር ጉልበት ይቀንሳል፤ ከባሕር ወለል በላይ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ያጣል። እንደ አዲስ አበባ ባለ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ «20 የፈረስ ጉልበት» ተብሎ የተሸጠ ሞተር የሚሠራው እንደ 15 ነው። ስለዚህ የደጋ ሰዎች ሞተሩን ከፍ አድርጋችሁ ምረጡ።

አራተኛ፤ ተዳፋቱን ለኩ። ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ መሆን የለብንም። ይህ መኪና ተዳፋት ላይ ይገለበጣል፤ ሰውም ይገድላል። ልኩ ቀላል ነው። 1 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ እንጨት ውሰዱ። አንዱን ጫፍ ከላይ በኩል መሬት አስነኩት፤ ሌላውን ወደ ቁልቁለቱ ዘርጉት። ግማሽ ውሃ ያለው ጠርሙስ በላዩ አጋድሙና እንጨቱ አግድም መሆኑን በውሃው እዩ። አሁን አየር ላይ ካለው ጫፍ እስከ መሬት ድረስ ለኩ። 27 ሳንቲሜትር ከሆነ ተዳፋቱ 15 ዲግሪ ነው። ብዙ ሠሪዎች ከዚህ በላይ አትንዱ ይላሉ። ከዚህ ያለፈውን ለማጭድ ተዉት። ከዚህ ባነሰ ተዳፋትም ላይ ሽቅብና ቁልቁል እንጂ በአግድም አትንዱ። ከመቀመጫው በስተኋላ የብረት ቀስትና የወገብ ቀበቶ ያለው መኪና ካገኛችሁ እሱን ምረጡ፤ ቀስቱን ቀጥ አድርጋችሁ ቀበቶውን እሰሩ።

አምስተኛ፤ መለዋወጫ። ስለት፣ ቺንጊያና ፊልትሮ ማለቃቸው አይቀርም። ከየት ይገኛሉ? ማን ይጠግነዋል? ይህን ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፤ መልሱንም በወረቀት አስጽፉ። መለዋወጫ የሌለው መኪና፣ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን፣ ቆይቶ ቁርጥራጭ ብረት ነው።

እንግዲህ ፊደል የቆጠራችሁት ለዚህም ነው። ያላነበባችሁት ወረቀት ላይ አትፈርሙ። መኪናው ላይ የተለጠፈውን ቁጥር በደብተር ገልብጡ፤ መለዋወጫ ስትፈልጉ የምትጠየቁት እሱን ነው። መመሪያው በውጭ ቋንቋ ከሆነ የሚያውቅ ሰው ያንብብላችሁ፤ በተለይ ዘይት በስንት ሰዓት ሥራ እንደሚቀየር አስነግሩና ጻፉት። በየቀኑ ስንት ሰዓት እንደሠራም መዝግቡ።

ከመሰናበታችን በፊት ስለ ጥንቃቄ። ከማጨዳችሁ በፊት ድንጋዩን ልቀሙ፤ ስለቱ ያስፈነጠረው ጠጠር ዓይን ያጠፋል። ልጆችንና ከብቶችን አርቁ። ልጅ አዝላችሁም፣ ጭን ላይ አስቀምጣችሁም አትንዱ። ሞተሩን ሳታጠፉና ቁልፉን ሳትነቅሉ እጃችሁን ወደ ስለቱ አትስደዱ።

አሁን በየጣቢያችሁ በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ተወያዩ፦
1. የእኛ መሬት ክፉው ቦታ የቱ ነው? ተዳፋቱስ ስንት ነው?
2. ሣሩን የምንፈልገው ለድርቆሽ ነው ወይስ ግቢ ለማሳመር?
3. መኪናው ቢሰበር ማን ይጠግነዋል? በምን ገንዘብ?

ለሦስቱም መልስ ካላገኛችሁ ገንዘቡን ሣጥን ውስጥ አቆዩት። ማጭዱ ገና አልዶለዶመም።

በሉ ደኅና እደሩ!