ክሬት አ ፒየሮ፦ የሄይቲ የነፃነት ጦርነት የዞረበት ምሽግ

ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረችበት በ1935 (እ.ኤ.አ.) በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ከተሟገቱልን ጥቂት ሰዎች አንዱ የሄይቲው ጄኔራል አልፍሬድ ኔሙር ናቸው። ኔሙር የጦር ታሪክ ጸሐፊም ነበሩ፤ የአገራቸው ሰዎች ከናፖሊዮን ሠራዊት ጋር ያደረጉትን የነፃነት ጦርነት የጻፉት እሳቸው ናቸው። ያ ጦርነት በእኛ ዘንድ ከዚህ የበለጠ ሊታወቅ ይገባው ነበር።

ሄይቲ ያኔ ሳን ዶሚንግ ትባል ነበር። በባሪያ ጉልበት ስኳርና ቡና እያመረተች ፈረንሳይን የምታበለጽግ ቅኝ ግዛት ነበረች። ባሮቹ በ1791 ተነሡ፤ በ1794 ፓሪስ ባርነትን በአዋጅ ሻረች። ከዚያም የቀድሞው ባሪያ ቱሳን ሉቬርቱር አገሩን ማስተዳደር ያዘ። ይህ ያልተዋጠለት ናፖሊዮን የላከው የእህቱ ባል ጄኔራል ለክሌር በ1802 መጀመሪያ ብዙ ሺህ ጦር ይዞ ደረሰ። የካፕ ከተማ አዛዥ አንሪ ክሪስቶፍ ከተማዋን ከማስረከብ ማቃጠልን መረጠ፤ እሳቱንም የለኮሰው ከገዛ ቤቱ ጀምሮ ነው።

ክሬት አ ፒየሮ ከአርቲቦኒት ወንዝ በላይ ኮረብታ ላይ ያለ ትንሽ ምሽግ ነው። በዚያው ዓመት ማርች ላይ ፈረንሳዮች ከበቡት። የቱሳን ጄኔራል ዣን ዣክ ደሳሊን ከባሩዱ አጠገብ የሚነድ ችቦ ይዞ ቆመና፣ ጠላት ከገባ ምሽጉን ከነራሱ እንደሚያጋየው ለሰዎቹ ነገራቸው። ማሪ ዣን የምትባል ሴት የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ጎራዴ ታጥቃ፣ ለተኳሾቹ ባሩድና ጥይት ታመላልስ ነበር። ፈረንሳዮች ደጋግመው ወጡ፤ ደጋግመውም ሬሳ ጥለው ተመለሱ። ከምሽጉ ውስጥ ደግሞ መዝሙር ይሰማ ነበር፤ ያውም የፈረንሳይ አብዮት መዝሙር። ከከበቡት ጄኔራሎች አንዱ ፓምፊል ደ ላክሯ በማስታወሻው እንዳሰፈረው፣ ይህን የሰሙ ወታደሮች እውነቱ ከነዚያ ጋር ይሆን እንዴ በሚል ዓይን መኮንኖቻቸውን ያዩ ጀመር።

ተከላካዮቹ በመጨረሻ ከበባውን በሌሊት ጥሰው ወጡ። ምሽጉ ተያዘ። ሆኖም በእኔ እምነት ነገሩ የዞረው እዚህ ነው፤ ትናንት ባሪያ የነበረ ሰው የአውሮፓን ምርጥ ጦር ገትሮ መያዝ እንደሚችል ሁለቱም ወገን አይቷል።

የተከተሉት ወራት ግን መራራ ነበሩ። ክሪስቶፍና ደሳሊን ሳይቀሩ ለፈረንሳይ ገቡ። ቱሳን በጁን ለውይይት ተጠርቶ ተያዘ፤ በ1803 ፈረንሳይ ውስጥ በፎር ደ ዡ እስር ቤት ሞተ። በጓድሉፕ ባርነት መመለሱ ሲሰማ ግን ጄኔራሎቹ አንድ በአንድ ፈረንሳይን ከዱ። ቢጫ ወባም ሠራዊቱን ፈጀው፤ ለክሌርን ራሱን በኖቬምበር 1802 ገደለው።

የመጨረሻው ውጊያ ኖቬምበር 18 ቀን 1803 ቬርቲዬር ላይ ተደረገ። ከደሳሊን መኮንኖች አንዱ ፍራንሷ ካፗ ሽቅብ እየጋለበ ሳለ መድፍ ፈረሱን ጣለው፤ ተነሥቶ ጎራዴውን መዝዞ በእግሩ ቀጠለ። የፈረንሳዩ አዛዥ ሮሻምቦ ተኩስ አስቁሞ አድናቆቱን እንደላከበት ሲነገር ኖሯል። በማግስቱ ሮሻምቦ እጁን ሰጠ። ጃንዋሪ 1 ቀን 1804 ደሳሊን በጎናይቭ ነፃነትን አወጀ። ፈረንሳይ ለዚህ ነፃነት እውቅና የሰጠችው በ1825 ነው፤ ያውም ለቀድሞ የባሪያ ጌቶች ካሳ 150 ሚሊዮን ፍራንክ እንዲከፈል በጦር መርከብ አስፈራርታ።