በመርከብ የመጡት ስደተኛ፤ የ«ሉሉ»ው ዩሱፍ አሊ

በባሕረ ሰላጤው አገራት ዘመድ ያለው ሁሉ «ሉሉ» የሚለውን ስም ሳይሰማ አይቀርም። በአቡዳቢ፣ በሪያድና በጂዳ የሚኖሩ ወገኖቻችን ወደ አገር ቤት ከሚልኩት በተረፈው ገንዘብ አስቤዛ ከሚሸምቱባቸው መደብሮች አንዱ ነው። በተለይ በረመዳን ቴምሩና ጭማቂው በየመደርደሪያው ሲሞላ ግፊያው አይጣል ነው። ስሙ በዓረብኛ «ሉል» ማለት ነው። ዛሬ በዚህ ዓምዳችን የምናነሳቸው የመደብሩ ባለቤት ዩሱፍ አሊም እንደ ብዙዎቹ ደንበኞቻቸው ስደተኛ ናቸው።

ዩሱፍ አሊ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1955 በሕንድ ኬረላ ግዛት፣ ናቲካ በተባለች የባሕር ዳርቻ መንደር ነው። በ1973 ማብቂያ በ18 ዓመታቸው ከቦምቤይ በመርከብ ተሳፍረው ዱባይ ወረዱ። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ያኔ ከተመሠረተች ገና ሁለት ዓመቷ ነበር። ወጣቱ አቡዳቢ ካሉት ነጋዴ አጎታቸው ዘንድ ተጠግተው የምግብ ሸቀጥ ንግድን ከሥር ከመሠረቱ ተማሩ። በዚያ ዘመን የነበረውን ሙቀት ለማምለጥ ጣሪያ ላይ ይተኙ እንደነበር ራሳቸው ተናግረዋል።

ትልቁ ፈተና የመጣው በ1990 ነው። ኢራቅ ኩዌትን ስትወር ጦርነቱ ወደ እኛም ይደርሳል ብለው የሰጉ በርካታ የውጭ ዜጎች ሻንጣቸውን ሸክፈው ወጡ። ዩሱፍ አሊ ግን ያላቸውን ገንዘብ እዚያው አቡዳቢ መደብር ላይ አዋሉት። ሌላው ሲሸሽ የቀረ ነጋዴ በአገሬው ዘንድ አመኔታን አተረፈ። በ2000 ዱባይ ላይ የመጀመሪያውን ግዙፍ መደብር ከፈቱ። በኅዳር 2024 ኩባንያው 30 በመቶ ድርሻውን በአቡዳቢ የአክሲዮን ገበያ ሲሸጥ 1.72 ቢሊዮን ዶላር ሰበሰበ። በወቅቱ በባሕረ ሰላጤው አገራት 240 ያህል መደብሮች ነበሩት።

ንግዱ ያስገኘውን ትርፍ ወደ ሕንፃም አዙረውታል። በ2013 በትውልድ ግዛታቸው በኮቺ ከተማ ትልቅ የገበያ ማዕከል አስመረቁ። በ2015 ደግሞ የሉሉ የሆቴል ዘርፍ በለንደን ግሬት ስኮትላንድ ያርድ የሚገኘውን ታሪካዊ ሕንፃ በ110 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛ፤ በ2019 ሆቴል ሆኖ ተከፈተ።

ነገር ግን የሰውየውን ሕይወት በሕንፃ ብቻ መለካት አይቻልም። በሚያዝያ 2021፣ ረመዳን ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከባለቤታቸው ጋር የተሳፈሩባት ሄሊኮፕተር በኮቺ ረግረግ መሬት ላይ ወደቀች። ተሳፋሪዎቹ በሙሉ ተረፉ። ቀድመው የደረሱላቸው በአካባቢው የሚኖሩ ተራ ሰዎች ነበሩ። ባለሀብቱም ከወራት በኋላ ቤታቸው ድረስ ሄደው አመሰገኗቸው።

በዚያው ዓመት ሌላም ዜና ተሰማ። በ2012 አንድ የኬረላ ተወላጅ ሹፌር በኤምሬትስ ባደረሰው የመኪና አደጋ አንድ ሱዳናዊ ሕፃን ገድሎ የሞት ፍርድ ተፈርዶበት ነበር። ዩሱፍ አሊ ጉዳዩን ይዘው የሟቹን ቤተሰብ ለረጅም ጊዜ ካስለመኑ በኋላ 500,000 ድርሃም የደም ካሳ፣ ማለትም ዲያ፣ ከፈሉ። ሹፌሩም ከዓመታት እስር በኋላ ነፃ ወጥቶ ወደ ቤተሰቡ ተመለሰ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ካሳውን የከፈሉት ባለሀብቱ ናቸው፤ ይቅርታውን የሰጡት ግን ልጃቸውን የቀበሩት ወላጆች ናቸው። እነሱ እምቢ ቢሉ ኖሮ የመደብሮቹ ሁሉ ገቢ አንዲት ነፍስ ባላተረፈም ነበር። በዚህ በተከበረ ወር ስለ ሰጪዎች ስናወራ፣ ከኪሳቸው የሚሰጡትን ብቻ ሳይሆን ከቆሰለ ልባቸው ይቅርታ የሚሰጡትንም እናስታውስ። ባለ ብዙ ሀብት ለመሆን ዕድሉ የሚገጥመው ለጥቂቱ ነው፤ ይቅር ማለት ግን ድሃውም በእጁ ያለው ሀብት ነው።

መልካም የጾም ወር!