በቢቸናና በሞጣ አገር የቆየ የጦር ጠመንጃ አመራመርና አተኳኰስ

በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ አገር፣ ጠመንጃ የጦር መሣሪያ ብቻ ሆኖ አልኖረም። አባት ለልጁ የሚያወርሰው ሀብት፣ በሠርግና በበዓል ፎካሪው ይዞት የሚነሣ ጌጥ፣ በለቅሶም ሟቹ ሲወሳ ወደ አደባባይ የሚወጣ መታሰቢያ ነበር። ስለዚህ የጠመንጃ ዋጋ የሚታወቀው በሁለት ሚዛን ነው፤ አንደኛው ክብሩ ሲሆን ሁለተኛው ለመተኰስ መብቃቱ ነው። ሁለቱ ሚዛኖች ሁልጊዜ አይስማሙም። የአያት ጠመንጃ ክብሩ የቱንም ያህል ቢሆን ጥይት ከታጣለት ከዱላ አይበልጥም፤ ብረቱ ከደከመም ከጠላት ይልቅ ባለቤቱን ይጎዳል።

፩ የጠመንጃዎቹ አመጣጥና ስም

ወደ አገራችን ከገቡት የቆዩ ጠመንጃዎች ብዙዎቹ የአውሮጳ ሠራዊቶች አዲስ መሣሪያ ሲይዙ የተዉአቸው ትርፎች ነበሩ። ፈረንሳይ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1886 ጢስ በሌለው ባሩድ የሚተኰሰውን የለቤል ጠመንጃ ስትይዝ፣ የ1874ቱ ፉዚል ግራ ለሠራዊቷ አሮጌ ሆነ፤ ነጋዴዎችም በቀይ ባሕር በኩል ወደ ኢትዮጵያ አመጡት። ሕዝቡ ፉዚል ግራን «ውጅግራ»፣ ለቤልን «ለበን»፣ ማንሊኸርን «ምንሽር»፣ የቤልጅጉን ሞዘር «በልጅግ» ብሎ በራሱ አፍ ሰየማቸው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ውጅግራ ከታወቁት መሣሪያዎች አንዱ ነበር፤ የጎጃም ጦርም ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጋር በዚያ ዘምቷል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣሊያን ወረራ ዘመን ደግሞ የ1891ዱ የኢጣልያ ጠመንጃ ከጠላት እየተማረከ በአርበኞች እጅ ገባ።

፪ በመጀመሪያ ጥይቱ ይታያል

ጠመንጃ የሚገመግም ሰው ከብረቱ በፊት ጥይቱን ይጠይቃል። ውጅግራ 11 ሚሊሜትር ስፋት ያለው፣ 25 ግራም ያህል የሚመዝን እርሳስ በጥቁር ባሩድ ይወረውራል። ጥቁር ባሩድ ከድኝ፣ ከከሰልና ከባሩድ ጨው በአገር ውስጥ ሊሠራ ስለሚችል፣ ቀለሁን ጠብቆ እንደገና መሙላት ይቻል ነበር። ጥፋቱ ጢሱ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተተኰሰ በኋላ የተኳሹን መደበቂያ ለጠላት ያሳያል። ከዚህም በላይ በአንድ ጊዜ የሚጐርሰው አንድ ጥይት ብቻ ነው።

የኢጣልያው ጠመንጃ ጥይት 6.5 ሚሊሜትር ነው፤ ስድስት ጥይት በአንድ የብረት መያዣ ታስሮ ይጐርሳል። መያዣው ከጠፋ ግን ጠመንጃው እንደ ውጅግራ አንድ በአንድ የሚጐርስ ይሆናል። ይሁን እንጂ እንደ በላይ ዘለቀ ባሉ የጦር መሪዎች ሥር በቢቸናና በዓባይ በረሃ ለተዋጋ አርበኛ ይህ ጠመንጃ አንድ ትልቅ ጥቅም ነበረው፤ ጥይቱን የሚያመጣለት ራሱ ጠላት ነበር። ጥይት ከውጭ በማይገባበት ጊዜ ይህ ጥቅም ከብረቱ ጥራት ሁሉ ይበልጣል።

፫ ብረቱን መመርመር

ከጥይቱ ቀጥሎ መቀርቀሪያው ይታያል። የውጅግራ መቀርቀሪያ የባሩዱን ግፊት የሚሸከመው በእጀታው ሥር ብቻ ነው፤ ለበንና የኢጣልያው ግን በመቀርቀሪያው ራስ ላይ ሁለት ጥርሶች አሏቸው። ስለዚህ የውጅግራን ቀለህ ጢስ በሌለው ባሩድ መሙላት እጅግ አደገኛ ነው፤ ግፊቱ ከብረቱ ዐቅም በላይ ሆኖ መቀርቀሪያውን ወደ ተኳሹ ፊት ሊመልሰው ይችላል።

ቀጥሎ ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ መቀርቀሪያው ይወጣና በቱቦው ውስጥ ወደ ብርሃን ይታያል። ጥምዝ መስመሮቹ ጥርት ብለው ከታዩ መልካም ነው፤ በዝገት ከተበሉ ወይም አፈሙዙ በመወልወያ ዘንግ ብዛት ሰፍቶ እንደ ሆነ ጥይቱ ዒላማውን ይስታል። የእንጨቱ አንገት እንዳልተሰነጠቀ፣ መርፌው እንዳልተሰበረ፣ ቃታውም ሳይነኩት እንዳይወድቅ ይመረመራል። በብረቱ ላይ ያለው ጽሑፍም ምስክር ነው፤ በፋሺስት ዘመን በተሠሩት የኢጣልያ ጠመንጃዎች ላይ ከአውሮጳ ዓመት ጎን በሮማውያን ቁጥር የፋሺስት ዘመን ዓመት ተቀርጾ ይገኛል።

፬ አተኳኰሱ

ያልታወቀ ጠመንጃ የመጀመሪያ ተኩሱ በትከሻ አይደለም። ከግንድ ጋር በጥብቅ ታስሮ ቃታው ከመከለያ በስተኋላ ሆኖ በረዥም ገመድ ይሳባል። ከዚያ ቀለሁ ይታያል፤ ከቂጡ በላይ ክብ ስንጥቅ ከታየበት ወይም ከብሱኑ ወደ ኋላ ከወጣ፣ ያ ጠመንጃ ለግድግዳ እንጂ ለትከሻ አይሆንም። ጥይት ሲከሽፍም መቀርቀሪያውን ወዲያው መክፈት አይገባም፤ እሳቱ ዘግይቶ ሊይዝ ስለሚችል አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳደረጉ ጥቂት መጠበቅ ያስፈልጋል።

ማነጣጠሪያውም የተሠራው ለሩቅ የጦር ሜዳ ነው። የኢጣልያው ረዥም ጠመንጃ ለቅርብ ውጊያ የተሠራለት ማነጣጠሪያ የተለካው ለ300 ሜትር ስለሆነ፣ በመቶ ሜትር ያለውን ዒላማ ከላይ ያልፈዋል። ቢቸናና ሞጣ ከባሕር ጠለል ከ2000 ሜትር በላይ ናቸው፤ አየሩ ስስ በመሆኑ ጥይቱ በሩቅ ርቀት ከቈላው ይልቅ ከፍ ብሎ ይመታል። ከዳገት ወደ ዓባይ ገደል ቍልቍል ሲተኰስም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ በዚህ አገር አልሞ ተኳሽ የሚባለው ዝቅ አድርጎ ማለምን የሚያውቅ ሰው ነው። ከተኩስ በኋላ የአሮጌ ጥይት ከብሱን የሚተወው ጨው እርጥበት ስቦ ብረቱን ስለሚበላው፣ በክረምት ይልቁንም፣ ቱቦውን በፍል ውኃ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ቅባት መቀባት ግድ ነው።

፭ ስለ ሁለቱ ሚዛኖች

በ1960 ዓ.ም. በሞጣና በቢቸና ገበሬዎች ባመፁ ጊዜ ዋናው ምክንያት አዲሱ የእርሻ ግብርና የመሬት ልኬታ ስጋት ነበር፤ የጠመንጃ ምዝገባም ቅሬታውን አባብሶታል። ጠመንጃውን በመዝገብ የሚቈጥር ሹም የሚያየው ብረቱን ነው፤ ለባለቤቱ ግን የአባቱ ስም፣ የርስቱ ጠባቂና የአርበኝነቱ ማስረጃ ነበር። አሮጌ ጠመንጃን የሚመረምር ሰውም ሁለቱን ሚዛኖች ለይቶ ማወቅ አለበት። የማይተኰሰውን ጠመንጃ መተኰስ ባለቤቱን ይገድላል፤ የማይተኰስ ነው ብሎ መናቅ ደግሞ የአንድ ቤት ታሪክ የተጻፈበትን መዝገብ መጣል ነው።