መርሲ ሺፕስ፦ ወደብ ላይ የሚቆም ሆስፒታል

መርሲ ሺፕስ የተሟላ ሆስፒታል የያዙ መርከቦችን በአፍሪካ ወደቦች እያቆመ፣ የቀዶ ሕክምና ደጅ ለራቃቸው ሰዎች በነፃ አገልግሎት የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ክርስቲያናዊ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። በመርከቦቹ ላይ የሚያገለግሉት ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ መርከበኞችና ወጥ ቤት ሠራተኞች ከዓለም ዙሪያ የሚሰባሰቡ በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

ድርጅቱን በ1978 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት አሜሪካውያኑ ባልና ሚስት ዶን እና ዴዮን ስቲቨንስ ናቸው። ጥንዶቹ ከባድ የጤና ጉዳት ይዞ የተወለደ ልጅ ነበራቸውና የሕመምተኛ ቤተሰብን ጭንቀት በቤታቸው ያውቁታል። ቪክቶሪያ የተባለች፣ ዘመኗን የጨረሰች የጣሊያን የመንገደኞች መርከብ በአንድ ሚሊዮን ዶላር ተገዛችና አናስታሲስ ተባለች። በግሪክ አገር በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት ለዓመታት ታድሳ ወደ አገልግሎት የገባችው ይህች መርከብ እስከ 2007 ቆይታለች። በዚያው ዓመት የተካቻት አፍሪካ መርሲ፣ ቀድሞ በዴንማርክ የባቡር ፉርጎዎችን ከነተሳፋሪዎቻቸው ታሻግር የነበረች መርከብ ናት። ሌላዋ ትልቅ መርከብ ግሎባል መርሲ ግን ከመጀመሪያው ለሆስፒታልነት ታስባ በቻይና ቲያንጂን የተሠራች ስትሆን፣ ድርጅቱ በ2021 ተረክቧታል።

ሆስፒታሉ በመርከብ ላይ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ ዓለም የቀዶ ሕክምና ሁኔታ ያጠናው የላንሴት ኮሚሽን በ2015 እንዳስታወቀው፣ አምስት ቢሊዮን ያህል ሰዎች ደህንነቱ የተጠበቀና አቅማቸው የሚፈቅደው የቀዶ ሕክምና አያገኙም። የጎደለው የሐኪም እጅ ብቻ አይደለም፤ የማይቋረጥ መብራት፣ ንጹሕ ውኃ፣ ኦክስጅንና የተጠበቀ መድኃኒትም ነው። መርከብ ይህን ሁሉ ራሷ አመንጭታና ይዛ ትመጣለች። ብዙዎቹ የምዕራብ አፍሪካ ዋና ከተሞችም የባሕር ዳርቻ ላይ ስለሆኑ፣ ወደቡ ለሕዝቡ ቅርብ ነው።

ግሎባል መርሲ 174 ሜትር ትረዝማለች፤ 12 ፎቅ አላት። ሆስፒታሉ ስድስት የቀዶ ሕክምና ክፍሎች፣ ላቦራቶሪ፣ ሲቲ ስካን፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍልና ወደ 200 የሚጠጉ አልጋዎች ይዟል። ከላይ ባሉት ፎቆች የሠራተኞች መኖሪያ፣ መመገቢያ አዳራሽ፣ ከቤተሰቦቻቸው ጋር ለመጡ ልጆችም ትምህርት ቤት አለ።

መርከቧ ወደ አንድ አገር የምትሄደው መንግሥት ሲጋብዛት ነው። አስቀድሞ የተላኩ ባለሙያዎች በዋና ከተማውም በገጠሩም እየዞሩ ሕሙማንን ይመረምራሉ፣ ለቀጠሮም ይመዘግባሉ። ቆይታው ብዙውን ጊዜ አሥር ወር ያህል ነው። የሚታከሙት የዓይን ሞራ፣ እንቅርት፣ ቡአ፣ የከንፈርና የላንቃ መሰንጠቅ፣ በቃጠሎ የተኮማተረ ቆዳ፣ የሕፃናት እግር መጣመም፣ የመንጋጋ ዕጢና ፌስቱላ ናቸው። የመንጋጋ ዕጢ ካንሰር ባይሆንም እንኳ ዝም ብሎ ሲያድግ አፍን ይዘጋል፤ በሽተኛው መብላት፣ በኋላም መተንፈስ ያቅተዋል። በጊዜ ቢገኝ ግን ሕክምናው ቀላል ነበር። ለረጅም ዓመታት ክትትል የሚሹ ሕመሞችን ግን መርከቧ መያዝ አትችልም፤ ብዙ ሰውም ሳይታከም ይመለሳል።

መርከቧ ትልቅ የደም ባንክ የላትም። ባንኩ ሠራተኛው ራሱ ነው። በከባድ ቀዶ ሕክምና መሃል ደም ሲያስፈልግ፣ የደም ዓይነቱ የሚስማማው ሰው ከሥራው ይጠራል። ጠዋት ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት ሲከትፍ የነበረ ወይም የሞተሩን ዘይት ሲቀይር የነበረ ሰው ደም ይሰጣል፤ ደሙም ገና ትኩስ እንዳለ ወደ ሕመምተኛው ይደርሳል።

በአስቸጋሪ ምጥ ምክንያት በፌስቱላ የተጎዱና በዚህም ከሰው ተገልለው የኖሩ ሴቶች ሲድኑ ደግሞ ልዩ ሥነ ሥርዓት ይደረግላቸዋል። አዲስ ቀሚስ ለብሰው፣ አጊጠው ይወጣሉ፤ ነርሶቹና አስተርጓሚዎቹም በዘፈንና በከበሮ ይቀበሏቸዋል። ከወደቡ አጠገብ ባለው ማረፊያ ቤት ቁስላቸው እስኪሽር የሚቆዩ ሕሙማንም አሉ።

በጎ ፈቃደኞቹ ደመወዝ አይከፈላቸውም። የትራንስፖርት ወጪያቸውን ይሸፍናሉ፤ አብዛኞቹም በየወሩ ለምግብና ለመኝታ ይከፍላሉ፤ ብዙዎቹ ገንዘቡን የሚያገኙት ከቤተ ክርስቲያናቸውና ከወዳጆቻቸው ነው። አንዳንዱ ለጥቂት ሳምንት፣ ሌላው ለዓመታት ይቆያል። በ1980ዎቹ ለጥቂት ወራት ብሎ የመጣው የፊትና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም ጋሪ ፓርከር ከሠላሳ ዓመት በላይ በመርከብ ላይ ኖሯል፤ ትዳር መሥርቶ ልጆቹን ያሳደገውም እዚያው ነው። አገልግሎቱ የክርስቶስን አርአያ ይከተላል፤ ሕክምናው ግን ማንኛውንም ሃይማኖት ለያዘ ሰው ክፍት ነው።

መርከብ የምትሄድ መሆኗ ትልቁ ጉድለቷ ነው። በ2014 የኢቦላ ወረርሽኝ የአፍሪካ መርሲን ጉዞ ከምዕራብ አፍሪካ ወደ ማዳጋስካር አስቀይሯል፤ በ2020 ደግሞ ኮሮና ይህችኑ መርከብ ከዳካር ያለ ጊዜዋ አስወጥቷታል። ስለዚህ ድርጅቱ የአገሩን ቀዶ ሐኪሞች፣ ሰመመን ሰጪዎችና ነርሶች ጎን ለጎን ያሠለጥናል፤ በአንዳንድ አገሮችም የሕክምና ትምህርት ተቋማትን ይደግፋል። ከመርከቧ የሚወርድ ሕመምተኛ በእርግጥ ሸክሙ ቀሎለታል፤ በሩቅ መንደር ላለው ለሚቀጥለው ሕመምተኛ ግን ተስፋው መልሕቅ ከተነሣ በኋላ በአገሩ የሚቀሩት እጆች ናቸው።